ይበል ሕዝብ

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የወደብ ጭነት የተሸከሙ ተሳቢ መኪናዎች ሌሊትና ቀን በሚመላለሱባት በደጋን ከተማ፣ ፀሐይ ዘወር ሲል ከጎረቤቴ ከሐጂ ጋር በበራቸው ጥላ ተቀምጦ ቡና መጠጣት ከብዙ ዘመን ጀምሮ የጸና ልማዳችን ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት በአንዱ ቀን፣ አቦሉ ተቀድቶ ቶናው ሳይደርስ፣ በእጅ ስልኬ ውስጥ ለዓመታት ይዤው የኖርሁትን አንድ የጀርመን አገር የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ፣ በአራት ዓይነት ድምፅና በኦርጋን የተዘጋጀውን፣ እስቲ ይስሙት ብዬ ከፈትሁላቸው። ሐጂ በጎልማሳነታቸው ዘመን መንዙማ በማውረድ የታወቁ ሰው ስለ ነበሩ ጆሯቸው እንዲያው የዋዛ ጆሮ አይደለም። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መቁጠሪያቸውን በጣታቸው እያንከባለሉ፣ እስከ ፍጻሜው በጸጥታ አዳመጡና፣ «መልካም ነው፤ ግን መምህር፣ አውራጁ የታለ? ሁሉም ተቀባይ ነው እንዴ?» አሉኝ።

ስለዚህ ዜማ የጻፉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው፤ ስለ ስምምነቱ፣ ስለ ድምፆቹ አካሄድ፣ ስለ ደራሲዎቹም የሕይወት ታሪክ ብዙ ብለዋል። የነገሩን አንጓ ግን እንደ ሐጂ በአንዲት ጥያቄ የመታው አላጋጠመኝም፤ ምክንያቱም ኮራል የሚባለው ይህ ዝማሬ በመሠረቱ የተቀባይ ዜማ ነውና።

ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። ኮራል ማለት የጀርመን ሉተራውያን በቤተ ክርስቲያናቸው ሕዝቡ ሁሉ በአንድነት ይዘምረው ዘንድ ያዘጋጁት፣ ስንኙ አጭር፣ ዜማው በእርምጃ የሚሄድና ለመያዝ የማያስቸግር መዝሙር ሲሆን፣ ኋላ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት የተነሡት ደራሲዎች ያንኑ ሕዝቡ የሚያውቀውን ዜማ ከላይ በቀጭኑ የሴት ወይም የሕፃን ድምፅ አስይዘው፣ ከሥሩ ሦስት ሌሎች ድምፆችን እስከ ወፍራሙ የወንድ ድምፅ ድረስ አነጠፉለት። (ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍሁ በቀር ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ ይያዝልኝ።) በየስንኙ መጨረሻ ላይ የማረፊያ ምልክት ተጽፎ ይገኛል፤ በዚያች ቦታ ዜማው ጥቂት ይቆማል፣ ሕዝቡም በአንድነት ይተነፍሳል። የድጓ ተማሪ የነበረ ሰው ይህን ሲያይ ይዘትና ቁርጥ የሚባሉትን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሠሯቸውን ምልክቶች ማስታወሱ አይቀርም፤ ምንም እንኳ የሁለቱ ሥርዓት ፈጽሞ የተለያየ ቢሆን፣ በዜማ ውስጥ የሰው ትንፋሽ የሚቆምበትን ስፍራ አስቦ ምልክት ማኖር ግን የሁለቱም ብልሃት ነው።

ኦርጋን የሚለውንም ቃል ማጥራት ያስፈልጋል፤ በደጋንም ሆነ በደሴ ኦርጋን ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው በሠርግ ዳስ ውስጥ በብረት እግር ላይ ተጋድሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን፣ ከበሮውንም እስክስታውንም በአንዲት ቁልፍ የሚያወጣውን ዕቃ ነው። የጥንቱ ኦርጋን ግን የነፋስ መሣሪያ ነው። ቧንቧዎቹ ከቆርቆሮና ከእርሳስ ቅልቅል ወይም ከእንጨት የተሠሩ፣ አንዳንዱ እንደ እርሳስ መጻፊያ የቀጠነ፣ አንዳንዱ ከቤት ቁመት የሚበልጥ ሲሆን፣ በትልልቆቹ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ቁጥራቸው በሺህ ይቆጠር ነበር። ነፋሱን የሚሰጠው ወናፍ ነው፤ ይኸውም ከገበያችን ጀርባ ያለው ባለ እጅ ማረሻ ሲያግል የሚነፋው የዚያው የወናፍ ዘመድ መሆኑ ነው። በዚያ ዘመን ኤሌክትሪክ ስላልነበረ፣ ደራሲው ከላይ ተቀምጦ ጣቶቹን ሲያሯሩጥ፣ ከግድግዳው በስተጀርባ ስሙ በየትም የማይጻፍ አንድ ወናፍ ረጋጭ በላብ ተጠምቆ ይወጣ ይወርድ ነበር። ይህንን ሰው ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ እርሱ ባይኖር ታላቁ የጀርመን ዜማ ደራሲ ዮሐን ሰባስቲያን ባኽም እንደ እኔና እንደ ሐጂ ዝም ብሎ በተቀመጠ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። አውራጁ የታለ?

ከሉተር በፊት በምዕራባውያን ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴው ዜማ በአመዛኙ የካህናትና የሠለጠኑ መዘምራን ድርሻ ነበረ፤ ቋንቋውም ላቲን ስለ ነበረ ሕዝቡ ቆሞ መስማት እንጂ አፉን መክፈት ብዙ አልተሰጠውም። በ1524 ስምንት መዝሙር ብቻ የያዘች አንዲት ቀጭን መጽሐፍ በጀርመንኛ ታትማ ስትወጣ፣ ከስምንቱም አራቱ የራሱ የሉተር ድርሰት ሲሆኑ፣ ሥራዋ የሕዝቡን ድርሻ ለሕዝቡ መመለስ ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1534፣ አባ ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ከተማ ደርሶ ከሉተር ጋር በአካል ተገናኝቶ ስለ ሃይማኖትና ስለ ሥርዓተ ቅዳሴ መነጋገሩ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ነገር ግን የተመዘገበ ታሪክ ነው። የኛን መጽሐፈ ቅዳሴ የገለጠ ሰው እንደሚያየው በገጹ ዳርቻ «ይ.ካ.»፣ «ይ.ዲ.»፣ «ይ.ሕ.» የሚሉ ምልክቶች በቀይ ቀለም ተጽፈው ይገኛሉ፤ ይበል ካህን፣ ይበል ዲያቆን፣ ይበል ሕዝብ ማለት ነው። እንግዲህ የጀርመኑ መምህር በብዙ ክርክር ያስመለሰው ይህ ሦስተኛው ድርሻ በኛ መጽሐፍ ዳርቻ ላይ ከጥንት ጀምሮ በቀይ ቀለም ተጽፎ ይኖር ነበር። በቀይ የተጻፈው ሁሉ ይፈጸማል ማለቴ አይደለም፤ ግዕዙን የሚያውቀው ጥቂት በመሆኑ ይ.ሕ. የሚለውን ዲያቆናቱና ደብተራዎቹ ለሕዝቡ ሲሉለት እኔ በልጅነቴ በቆሎ ተማሪነት በቆምሁባቸው አድባራት አይቻለሁ፣ አሁንም አያለሁ።

ለወሎ ሰው ደግሞ ከዚህ የሚቀርብ ነገር አለ። በጥንቱ ቤተ አምሐራ፣ ማለት በዛሬው ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ መካነ ሥላሴ የምትባል ስመ ጥር ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ በ1531 በግራኝ ጦርነት ጊዜ ጠፍታለች። ስሟ ግን በአገሩ ላይ ስለ ቀረ፣ በዚያው አገር የተወለደው አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ተብሎ ይጠራል። ይህ አባት በሮማ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ በሚባለው በኢትዮጵያውያን ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ ከሚባል የኤርፉርት ተወላጅ ወጣት ሊቅ ጋር ተዋወቀ፤ ኋላም በ1698 ሉዶልፍ ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የዚህ የወሎ ካህን ትምህርት ፍሬ ነው። በ1652 የጎታ መስፍን ኤርንስት፣ ጻድቁ የሚል ቅጽል የተሰጠው፣ አባ ጎርጎርዮስን ወደ ቤተ መንግሥቱ አስጠርቶ ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖትና ልማድ ብዙ ጠየቀው።

ይህች ጎታ የት ናት ቢባል፣ በቱሪንጊያ ምድር፣ በኮራል አገር መካከል ናት። ከእርስዋ ወደ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄድ አይዘናኽ ትገኛለች፤ አባ ጎርጎርዮስ ጎታ በገባ በ33ኛው ዓመት ባኽ የተወለደባት ከተማ ናት። መስፍኑ ኤርንስት ራሱ የሠላሳውን ዓመት ጦርነት መከራ ያየ፣ አገሩ ተቃጥሎበት፣ ሕዝቡ በረኀብና በቸነፈር አልቆበት የነገሠ ሰው ነበረ። የሠራውን ነገር ልብ በሉ፤ በ1642 ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ሥርዓት አወጣ፤ ጦርነቱ ገና ሳይፈጸም ከ1646 እስከ 1648 ድረስ ደግሞ ካንሲዮናለ ሳክሩም የተባለውን የመዝሙር መጽሐፍ ለአብያተ ክርስቲያናቱና ለትምህርት ቤቶቹ አሳተመ። እንግዲህ አባ ጎርጎርዮስ መጽሐፉ ታትሞ ከወጣ ገና አራት ዓመት በሆነው ጊዜ በዚያ ቤተ መንግሥት ሲቀመጥ፣ የትምህርት ቤት ልጆች ያንን ዜማ ሲያዜሙ አልሰማም ብሎ ማሰብ ይከብደኛል። በድጓ ያደገው ጆሮው ምን አለ? በመስኮቱ ቆሞ ድጓውን በልቡ እያነጻጸረ እንደሚሰማ አድርጌ በሐሳቤ እሥለዋለሁ፤ ይህ ግን የኔ ሥዕል ነው እንጂ ታሪክ አይደለም። አባ ጎርጎርዮስ አገሩን ዳግመኛ ሳያይ በ1658 በባሕር መርከብ ተሰብሮበት ሞተ።

ጦርነትና መዝሙር በዚያ አገር እንዲህ ተያይዘው ይገኛሉ። ማርቲን ሪንካርት የሚባለው የአይለንቡርግ ካህን በ1637 ቸነፈር በገባ ጊዜ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ4000 በላይ ሰው፣ ከነሚስቱ፣ በገዛ እጁ የፈታ ሰው ነው፤ እስከ ዛሬ በሉተራውያን ዘንድ ከሁሉ የታወቀውን የምስጋና መዝሙር የደረሰ ግን እርሱ ነው። ለሐጂ ያሰማኋቸውም ይኸንኑ ነበር። ታሪኩን ስነግራቸው፣ «አብሽር! ቀባሪው ራሱ ነው ያመሰገነ?» አሉና ዝም አሉ። እኛም በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ በኮምቦልቻና በደሴ በኩል ያደረገብንን የምናውቅ ሰዎች ስለሆንን፣ ከዚህ በላይ አልተናገርንም።

ከዚህ በኋላ የምለው ግን ውዳሴ ብቻ አይደለም። ባኽ በወጣትነቱ በአርንሽታት ከተማ ኦርጋን ደርዳሪ ሆኖ ሳለ፣ በ1706 የቤተ ክርስቲያኑ ሸንጎ አስጠርቶ ወቀሰው፤ አንዱ ክስ አራት ሳምንት ፈቃድ ወስዶ አራት ወር ያህል መቅረቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን ከነገራችን ጋር ይገጥማል፤ ኮራሉን በሚያጅብበት ጊዜ እንግዳ የሆነ ድምፅና ልውጥውጥ ጨምሮበት ሕዝቡን ግራ አጋብቷል የሚል ነበር። የሙዚቃ ጸሐፊዎች ይህን ሲተርኩ በነዚያ ሽማግሌዎች መሳቅ ይወዳሉ። እኔ አልስቅባቸውም፤ ባኽ ያለ ጥርጥር ታላቅ ነው፣ ሽማግሌዎቹም ያለ ጥርጥር ትክክል ነበሩ። ኦርጋኑ ለሕዝቡ መንገድ ሊመራ እንጂ መንገዱን ሊዘጋበት አልተቀመጠምና። ባኽ ራሱም ይህን የተረዳው ይመስለኛል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቫይማር ለ164 ኮራል መግቢያ የሚሆን ዜማ ሊጽፍ አስቦ ባዘጋጀው ደብተር፣ ምንም እንኳ 46 ብቻ ጽፎ ቢተወው፣ በአብዛኞቹ የሕዝቡ ዜማ ከላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግልጥ ሆኖ ይሰማል።

እኛ ዘንድ ግን ሸንጎ የሚጠራው የለም። ሠርጉም፣ መንፈሳዊው ጉባኤም፣ የምረቃውም በዓል፣ በአንድ ደርዳሪና በሁለት ሞንታርቦ እጅ ወድቋል። መሣሪያውን አልጠላም። ወንጌላውያኑ በኦርጋን ይዘምራሉ፤ በኛም በኦርቶዶክሳውያኑ ዘንድ መዝሙር በኦርጋን ይታጀብ አይታጀብ የሚለው ክርክር የቆየ ነው፤ ክርክሩ ግን ሁልጊዜ ስለ ዕቃው ነው። ዕቃው ከየት መጣ፣ ዓለማዊ ነው ወይስ መንፈሳዊ ይባላል። የእንጨት ከበሮም ሆነ የጃፓን ኦርጋን፣ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱ በሚመታበት ቦታ የቆመው ሰው አፉን ከፍቷል ወይስ ዘግቷል? ዓለማዊ ለሚለው ነገርማ፣ ከኮራል ሁሉ በሐዘኑ የሚታወቀውና ባኽ «የማቴዎስ ሕማማት» በተባለው ድርሰቱ ውስጥ ደጋግሞ ያገባው ዜማ፣ ሐንስ ሌዮ ሐስለር በ1601 ያሳተመው የፍቅር ዘፈን ነበረ። ባቲና አምባሰል የተባሉትን ቅኝቶች ለአገር የሰጠው ወሎም ይህንን ሊሰማ አይደነግጥም፤ በአንዱ ቅኝት አዝማሪው ያለቅስበታል፣ መንዙማ አውራጁም ነቢዩን ያወድስበታል።

መንዙማን ካነሣሁ ዘንድ ጥቂት ልቆይበት። በሐጂ ቤት በዱዓ ሌሊት ከአንድ ጊዜ በላይ በእንግድነት ተቀምጫለሁ። ጭሱ ይታጠናል፣ ድቤው በእሳት ይሞቃል፤ ቆዳው ሲላላ ድምፁ ስለሚወርድ በየመካከሉ ወደ ፍሙ ያስጠጉታል። አውራጁ ስንኙን ብቻውን ይጀምራል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ በዚያች በጣም አጭር ጸጥታ ውስጥ ቤቱ ሁሉ ሲተነፍስ ይሰማል፣ ከዚያም ተቀባዩ ይወርድበታል። አንድ ሌሊት አውራጁ ሰው በሸምግልናው ድምፁ ተዘግቶ ስንኙን መጨረስ ቢያቅተው፣ ከጥግ የተቀመጠች ቡና የምትቀዳ ልጅ፣ ዕድሜዋ ከዐሥራ ሁለት የማይበልጥ፣ ጀበናውን እንደያዘች ቀሪውን ጨረሰችለት። ማንም አልተደነቀም። እኔ ብቻ ተደነቅሁ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ስሙ። ዐምና እዚሁ በአንድ ሠርግ ላይ ከሩቅ ከተማ የመጣ ኦርጋን ደርዳሪ ከጧት ጀምሮ በሞንታርቦ ሲያናውጠን ዋለ። ሙሽራውን ያሳደጉ ሴቶች የራሳቸውን ዘፈን ለማውጣት ሁለት ጊዜ ተነሡ፣ ሁለቱንም ጊዜ ድምፁ ዋጣቸውና ተቀመጡ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መብራት ጠፋ። የደርዳሪው ጣቶች በቁልፎቹ ላይ እንዳሉ ቀሩ፤ የሚገርመው ግን ወዲያው ዘፈን አልተነሣም፤ ሦስት መቶ የሚያህል ሰው በዳሱ ውስጥ እርስ በርሱ እየተያየ፣ መብራት መቼ ይመጣል እያለ ዝም አለ። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ማጨብጨብ ስትጀምር የተቀበሏት ስምንት ወይም ዘጠኝ ሴቶች ብቻ ነበሩ፣ ሁሉም ጠጉራቸው የሸበተ።

የቧንቧ ኦርጋን ወደዚህ አገር ከመጣ ብዙ ዘመኑ ነው። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ለዐፄ ልብነ ድንግል ካመጡት ገጸ በረከት መካከል ኦርጋን ነበረ፤ ማኑኤል ደ ማረስ የሚባል ደርዳሪም አብሮ መጥቶ ነበር፤ በአንጎትና በቤተ አምሐራ በኩል ወደ ንጉሡ ሰፈር መሄዳቸውን፣ የሐይቅን ባሕርና የእስጢፋኖስን ደሴት ማየታቸውን አብሯቸው የመጣው ካህን አልቫሬዝ ጽፏል። ከዚያ በኋላ በአገራችን ሥር ሳይሰድ ቀረ። በኛ ዘመን ግን የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ እማሆይ ጽጌ ማርያም፣ በ1923 ተወልደው፣ በስዊዘርላንድና በካይሮ ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረው፣ ሁሉን ትተው ወደ ወሎ ወደ ግሸን ማርያም አምባ ወጥተው፣ በባዶ እግራቸው ወደ ዐሥር ዓመት ያህል በምናኔ ተቀመጡ። ኋላ በ1972 በኢየሩሳሌም አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ በፒያኖ፣ በሃርሞኒየምና በታላቅ የቧንቧ ኦርጋን ዜማቸውን አስቀርጸዋል፤ ከነዚያም ውስጥ የማሕሌቱን ዜማ በፒያኖ የተከተሉበት አለ። ሳዳምጠው የግሸን ገደል ይታየኛል። ብቻ በጣም ብቸኛ ዜማ ነው፤ አንዲት መነኩሲት ለፈጣሪዋ የምታቀርበው እንጂ ሕዝብ የሚቀበለው አይደለም፣ እርሳቸውም ሌላ ነው አላሉም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ኮራል ተገኘ ብለው የሚጽፉ ወዳጆቼን አልከተላቸውም።

እኔ የምፈልገው ከዚህ ያነሰ ነገር ነው። በዚህ ከደሴ እስከ ባቲ ባለው አገር በየዱዓው፣ በየማሕሌቱ፣ በየሠርጉ ሰው በአንድነት የሚቀበላቸው ዜማዎች፣ የእስላሙም የክርስቲያኑም፣ የትምህርት ቤት ልጅ ሊይዘው በሚችል አንድ ደብተር ተሰብስበው ቢጻፉ፣ ልጆቹም በሳምንት አንድ ሰዓት ያለ ሞንታርቦ፣ በባዶ ድምፃቸው ቢያዜሙት እላለሁ። ለዚህ ባኽ አያስፈልግም፣ በጀትም አያስፈልግም። የጎታው መስፍን ከተቃጠለ አገር ላይ ተነሥቶ አድርጎታል። ጉዳዩ የሚመለከተው ክፍል ይመልከተው ብዬ እንዳልጨርስ፣ ክፍሉ ማን እንደሆነ በሃያ ስምንት ዓመት የመምህርነት ዘመኔ ፈልጌ አጥቼዋለሁ፤ ስለዚህ ይህን ለወላጆች እጽፋለሁ።

ሐጂ ያን ዕለት ዝማሬውን ደግመህ ክፈት አሉኝ። በሁለተኛው ጊዜ በየስንኙ ማረፊያ ላይ ዱካቸውን በመዳፋቸው መታ ያደርጉ ጀመር፤ አንዱንም አልሳቱም። ሦስተኛው ስንኝ እኩሌታ ላይ ስልኬ ባትሪው አለቀና ጠፋ። «ቀጥለው እንጂ፤ ይህን ያህል ዘመን ሰምተኸው የለም?» አሉኝ። አፌን ከፈትሁ፤ የመጀመሪያውን ስንኝ ዜማ እንደ ምንም አወጣሁት፣ ሁለተኛው ተንገዳገደብኝ፣ ሦስተኛው ፈጽሞ አልመጣልኝም። ሐጂ በዱካው ላይ መታ አድርገው፣ እስክተነፍስ ጠበቁኝ።